ሞኒተር ከጀርባው ይመረጣል

የትልቅ ሞኒተር ማስታወቂያ የሚያሳየው ሁልጊዜ ፊቱን ነው፤ ቀለሙ የደመቀ ምስል፣ ጠርዙ የቀጠነ መስታወት፣ ከሥሩ የተደረደሩ ቁጥሮች። ሱቅ ውስጥም ሻጩ አብርቶ የሚያሳየው ያንኑ ነው። መብራት በማይጠፋበት፣ ቢሮው ዓመቱን ሙሉ በኤሲ በሚቀዘቅዝበት፣ የተበላሸ ዕቃ በዋስትና በሚቀየርበት አገር እንዲህ መርጦ መግዛት ብዙም አይጎዳም። ካርቱም ውስጥ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። እዚያ አንድ ሞኒተር ስንት ዓመት እንደሚያገለግልና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ የሚወስነው ከጀርባው ያለው ነገር ነው፤ ኤሌክትሪኩን በምን በኩል እንደሚቀበል፣ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ሙቀቱን በየት እንደሚያወጣ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በምን ገመድ እንደሚገናኝ። ስለዚህ ምርጫው ከጀርባው ይጀምር፣ ፊቱ በሁለተኛ ደረጃ ይታይ እላለሁ። ነገሩ የሱዳን ብቻ አይደለም፤ መተማ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ተቀምጦ በኮምፒውተር እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ሁሉ ይመለከተዋል። ካርቱምን ያነሣሁት ችግሩ ሁሉ እዚያ ባንድ ላይ ስለሚገኝ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲጀመር ካርቱም የአገሪቱ የንግድ፣ የትምህርትና የቢሮ ሥራ እምብርት ነበረች። በደይምና በጅሬፍ ሠፈሮች ደግሞ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለብዙ ዓመታት ኖረውባታል፣ ሠርተውባታል። ጦር ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ የያዘው መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት ክፉኛ ከተጎዱት ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ መረቡ ነው፤ ትራንስፎርመሮች ተሰባብረዋል፣ ኬብሎች ለውስጣቸው መዳብ ሲባል እየተቆፈሩና እየተቆረጡ ተወስደዋል። ሱዳን ኃይል የሚያመነጭ ነገር አጥታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የመረዌ ግድብ ብቻውን 1,250 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከኢትዮጵያም በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የሚገባ መስመር አለ። ነገር ግን የመረዌ ጣቢያ በድሮን ተደጋግሞ ተመታ፤ ኃይሉ ቢኖርም እስከ ቤት የሚያደርሰው ሽቦ በየሠፈሩ ተበጣጥሷል። ወደ ከተማዋ የተመለሰ ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደለት፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቅሎ ባትሪና ኢንቨርተር አስገብቶ ሥራውን የሚጀምረው ለዚህ ነው። ያልቻለ ደግሞ ከጎረቤት ጄኔሬተር ይጠጋል። በሁለቱም መንገድ እያንዳንዱ ዋት ዋጋ አለው።

ይህን በስሌት እንየው። ካንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ላይ ዕድሜውን ላለማሳጠር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ ይህም 600 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ኢንቨርተሩ ከዚህ ላይ የራሱን ድርሻ ይበላና ለሥራ የሚተርፈው ከ500 ብዙ አይበልጥም። ላፕቶፑ 20 ዋት፣ ሞኒተሩ 30 ዋት ቢወስዱ ያ ባትሪ አሥር ሰዓት ያህል ያሠራል። ሞኒተሩ 100 ዋት የሚወስድ ከሆነ ግን ሥራው ከአራት ሰዓት ጥቂት አልፎ ያበቃል። ባትሪው ያው፣ ጠረጴዛው ያው፣ ሠራተኛው ያው፤ ልዩነቱ የሞኒተሩ ፍጆታ ብቻ ነው። እናም በካርቱም ገበያ ሁለት ሞኒተሮች ጎን ለጎን ቢቀርቡ መጀመሪያ የሚነበበው የዋት ቁጥር ነው። አውሮፓ ውስጥ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞኒተር ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ከኤ እስከ ጂ ያለው የኃይል መለያ ለዚህ ይጠቅማል፤ የሚያሳየው በ1,000 ሰዓት የሚበላውን ኪሎ ዋት-ሰዓት ስለሆነ፣ 27 የሚል ከሆነ 27 ዋት ይወስዳል ማለት ነው። ጀርባው ላይ ከተጻፈው የቮልትና የአምፒር ልክ የሚገኘው ቁጥር ግን ከፍተኛው ነው፤ በተለይ ላፕቶፕ በሚሞሉ ሞኒተሮች ላይ ለላፕቶፑ የሚሰጠው ኃይል አብሮ ስለሚደመር ከ200 ዋት በላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። በተለመዱት የኤልሲዲ ሞኒተሮች ውስጥ አብዛኛውን ኃይል የሚወስደው ከምስሉ በስተኋላ ያለው መብራት ስለሆነ ድምቀቱን ከ100 ወደ 40 ማውረድ ፍጆታውን በግልጽ ይቀንሳል። ገጹን ጥቁር ማድረግ ባትሪ ይቆጥባል የሚለው ወሬ ግን በእነዚህ ላይ አይሠራም፤ ምስሉ ቢጠቁርም የኋላው መብራት እንደበራ ነው።

ከኃይል ቀጥሎ ሙቀት ይመጣል። የብዙ ሞኒተሮችን መመሪያ ገልጦ ላየ ሰው፣ እንዲሠሩበት የተፈቀደው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ አንዳንዶቹ ከ35 አያልፉም። ካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ቀን ቀን ከ40 በላይ መዋሏ የተለመደ ነው። ኤሲ የሌለው ወይም ኤሲውን በባትሪ ማስነሣት የማይችል ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሞኒተር እንግዲህ ገና ሳይበራ አምራቹ ከፈቀደለት ወሰን አልፏል ማለት ነው። በውስጡ በሙቀት ቀድሞ የሚያረጀው ኃይል ሰጪው ክፍል ነው፤ እዚያ ያሉት ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች፣ በኢንጂነሮች የተለመደ ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል። ይህ ክፍል ሞኒተሩ ውስጥ ከተቀበረ ሙቀቱ ለመስታወቱም ለቦርዱም ይተርፋል። እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ከውጭ የተንጠለጠለ አዳፕተር ከሆነ ግን ሙቀቱ መሬት ላይ ይቀራል፤ ሲቃጠልም የሚቃጠለው እሱ ነው። አዳፕተር ካርቱም ውስጥም ሆነ መርካቶ ተፈልጎ ይገኛል፤ የአንድ የተወሰነ ሞዴል የውስጥ ኃይል ሰጪ ቦርድ ግን በቀላሉ አይገኝም። ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ በሚልበት መስመርም ሆነ መብራት ተመልሶ ሲመጣ በሚፈጠረው ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ መጀመሪያ የሚመታው ይኸው ክፍል ስለሆነ፣ ከውጭ መሆኑ በካርቱም ላለ ገዢ ከማንኛውም የቀለም ጥራት በላይ ይጠቅመዋል። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበልም መረሳት የለበትም። አንዳንድ ውድ ሞኒተሮች ለመቀዝቀዣ ማራገቢያ አላቸው፤ ማራገቢያ ያለው ዕቃ ደግሞ አቧራውን ወደ ውስጥ ይስባል። ለዚያ ከተማ ማራገቢያ የሌለው ይመረጣል።

የውጭ አዳፕተር ሌላም ጥቅም አለው። አዳፕተሩ የሚያወጣው ኃይል ባለ አንድ አቅጣጫ፣ ብዙውን ጊዜ 19 ወይም 20 ቮልት ነው። የሶላር ባትሪም የሚሰጠው ባለ አንድ አቅጣጫ ኃይል ነው። በተለመደው አሠራር ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል ወደ 230 ቮልት ከፍ ያደርገዋል፣ አዳፕተሩ ደግሞ መልሶ ወደ 19 ያወርደዋል፤ በሁለቱም ጊዜ ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናል። ከባትሪው በቀጥታ 19 ቮልት የሚያወጣ መቀየሪያ ቢገባ ያ ሁሉ ዙር ይቀራል። እርግጥ ይህ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ባለ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ስለሚወጣ መቀየሪያው ቮልቱን አጽንቶ የሚይዝ መሆን አለበት፣ ፕላስና ማይነሱም እንዳይገለበጥ መታየት አለበት። ሥራውን ለሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን መስጠት ይሻላል። ነገር ግን ዕድሉ የሚኖረው ሞኒተሩ ባለ ውጭ አዳፕተር ከሆነ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የጀርባ ጉዳይ ግንኙነት ነው፤ ዘመናዊ በሚባሉት ሞኒተሮች ላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኤስቢ-ሲ የተባለው ትንሽ ሞላላ ሶኬት ምስልን፣ መረጃንና ኃይልን ባንድ ገመድ ሊያስተላልፍ ይችላል። ላፕቶፑን በአንድ ገመድ ከሞኒተሩ ጋር ያገናኙታል፤ ምስሉ ይሄዳል፣ ላፕቶፑም ከሞኒተሩ 65 ወይም 90 ዋት እያገኘ ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩ ቢጨልምም ላፕቶፑ የሞላ ባትሪ ይዞ ይቀጥላል፣ የተጻፈው አይጠፋም። እዚህ ላይ ግን ገዢዎች በብዛት የሚታለሉባቸው ነገሮች አሉ። ሶኬቱ ዩኤስቢ-ሲ መሆኑ ብቻ ምስል ያወጣል ማለት አይደለም፤ ላፕቶፑ ላይ ከሶኬቱ አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ወይም የመብረቅ ምልክት መኖሩን ማየት፣ ከሌለም የሞዴሉን መግለጫ ማንበብ ያስፈልጋል። ከስልክ ጋር የሚመጣው ቀጭን የቻርጀር ገመድም ብዙውን ጊዜ ምስል አያስተላልፍም። ከ60 ዋት በላይ ለመሸከም ደግሞ ገመዱ ውስጡ መለያ ቺፕ ያለው መሆን አለበት። የድሮውን ኤችዲኤምአይ ለሚጠቀም ሰው ቁጥሩ ወሳኝ ነው፤ ኤችዲኤምአይ 1.4 ያለው ላፕቶፕ ፎር ኬ ምስልን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሚያድስ የማውሱ ቀስት እየተጎተተ ይሄዳል። 60 ለማግኘት 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.2 ያስፈልጋል። በሰከንድ 48 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፈው ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚያስፈልገው ለጌም ነው፤ ለቢሮ ሥራ ገንዘብ የሚጨመርበት ምክንያት የለም።

ሁለቱ የጀርባ ጥቅሞች፣ የውጭ አዳፕተሩና ዩኤስቢ-ሲው፣ ሁልጊዜ ባንድ ላይ አይገኙም። 90 ዋት ለላፕቶፕ የሚሰጥ ሞኒተር ከፍተኛ ኃይል ስለሚፈልግ ብዙ አምራቾች ኃይል ሰጪውን ውስጥ ያስገቡታል፤ ዴል አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ኤልጂ ደግሞ በብዙ ሞዴሎቹ የውጭ አዳፕተር ይጠቀማል፣ ከነዚህም ዩኤስቢ-ሲ ያላቸው አሉ። ሁለቱን ያጣመረ ከተገኘ ምርጫው ያ ነው። ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ሲሆን ግን ለካርቱም ዩኤስቢ-ሲው ቀርቶ የውጭ አዳፕተሩ ይያዝ እላለሁ። ላፕቶፕ በራሱ ቻርጀር ሊሞላ ይችላል፤ የተቃጠለ የውስጥ ቦርድ ግን ሌላ መፍትሔ የለውም።

«ሰው የሚያየው ፊቱን እንጂ ጀርባውን አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የሚደክመው ዓይን ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ለዚህ ነው ፊቱ ይረሳ ሳልል ሁለተኛ ይሁን ያልኩት። ከፊቱ ነገሮችም ቀዳሚው ስፋቱም ድምቀቱም ሳይሆን የነጥቦቹ ጥግግት ነው፤ ለእኛ በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ በላቲን ፊደል ከሚጽፉት ይበልጥ ያስፈልገናል። «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት ትንሿ ጭረት ከወገብ ወይም ከእግር ሥር በመሆኗ ብቻ ነው፤ «ሊ» እና «ሌ» ደግሞ ያችው የእግር ጭረት ቀጥ በማለቷ ወይም በመክበቧ። ካርቱም ላይ በአማርኛም በዓረብኛም የሚሠራ ተርጓሚ ወይም ሒሳብ ያዥ ሌላ ችግር ይጨመርበታል፤ ባ፣ ታ እና ሣ የሚባሉት የዓረብኛ ፊደላት ቅርጻቸው አንድ ሆኖ የሚለያቸው የነጥቦቹ ቁጥርና ቦታ ነው። በ27 ኢንች ላይ 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ሞኒተር በአንድ ኢንች ውስጥ 82 ነጥብ ብቻ ስላለው እነዚህን ምልክቶች በትንሽ ጽሑፍ ላይ ያደበዝዛቸዋል። 2560 በ1440 የሆነው 109፣ ፎር ኬው ደግሞ 163 ነጥብ ይሰጣል። በፎር ኬው ላይ የጽሑፉ መጠን ወደ 150 በመቶ ሲደረግ የሥራ ቦታው ከ2560 በ1440ው ጋር ይስተካከላል፣ ፊደሉ ግን እንደ ታተመ ገጽ የጠራ ይሆናል። የዋት ልዩነታቸው ብዙ ስላልሆነ አቅም ለፈቀደለት 27 ኢንች ፎር ኬ፣ ላልፈቀደለት 27 ኢንች ባለ 1440 ተገቢ ምርጫ ነው። ባለ 1080ው ከ24 ኢንች በላይ ባይገዛ ይሻላል።

ሌላው ተቃውሞ ከዘመናዊነት ይመጣል፤ ኦሌድና ኤችዲአር እያሉ ተራ ኤልሲዲ ለምን ይገዛል? ኦሌድ ጥቁሩን ፍጹም ጥቁር ያደርጋል፣ ፊልም ለሚያይ ሰው ወደር የለውም። የጽሑፍ ሥራ ግን ለኦሌድ የማይመች ነው። ነጭ ገጽ ሲከፈት ነጥቦቹ ሁሉ ስለሚበሩ ፍጆታው ከፍተኛ የሚሆነው ያኔ ነው። ከታች ሁልጊዜ የሚታየው የፕሮግራሞች ረድፍ ከጊዜ በኋላ ምልክቱን መስታወቱ ላይ ይተዋል፣ ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። በብዙዎቹ ላይ የቀለም ነጥቦቹ አደራደር ከተለመደው የተለየ በመሆኑ በፊደል ጠርዝ ላይ ቀለም ይታያል። የምስሉን የብርሃንና የጨለማ ልዩነት የሚያሰፋውን ኤችዲአርን በተመለከተ፣ ዲስፕሌይኤችዲአር 400 የሚለው ምልክት የሚጠይቀው 400 ኒት ድምቀት ነው፤ የኋላውን መብራት በየቦታው ለይቶ ማደብዘዝን ስለማይጠይቅ የምስሉን ልዩነት እምብዛም አይለውጠውም። እውነተኛው ኤችዲአር ያላቸው ደግሞ ኃይል በላተኞች ናቸው፣ ማራገቢያ ያላቸውም ከእነሱ መካከል ይበዛሉ። በመስኮት የሚገባውን የካርቱም ፀሐይ ለመቋቋም ከ300 እስከ 350 ኒት ያለው፣ ገጹ የማያንጸባርቅ፣ አይፒኤስ የተባለው የኤልሲዲ ዓይነት ይበቃል፤ ከዚያ ይልቅ መጋረጃ መዝጋት ርካሽ ነው።

ቴሌቪዥን ይሻላል የሚሉትም ቀላል ክርክር አይደለም የያዙት። 43 ኢንች ፎር ኬ ቴሌቪዥን ከ27 ኢንች ፎር ኬ ሞኒተር ብዙም በማይበልጥ፣ አንዳንዴም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ከክፍሉ ማዶ ሆነው ለብዙ ሰው ለማሳየት፣ ለማስተማርና ለስብሰባ እኔም ቴሌቪዥኑን እመርጣለሁ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለመጻፍ ግን ነጥቦቹ በኢንች ወደ 102 ይወርዳሉ፣ ብዙዎቹም የኮምፒውተሩን ቀለም ጨፍልቀው ስለሚቀበሉ ቀይና ሰማያዊ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ፍጆታቸውም ከሞኒተሩ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። አብዛኞቹ ዩኤስቢ-ሲም ሆነ ዲስፕሌይፖርት የላቸውም። በ12 ቮልት የሚሠሩት ትንንሽ የሶላር ቴሌቪዥኖች ደግሞ በፍጆታ ቢመሰገኑም ብዙዎቹ 1366 በ768 ነጥብ ብቻ ስላላቸው ለጽሑፍ አይሆኑም።

ሰፋፊዎቹን ባለ 34 ኢንች ጎባጣ ሞኒተሮች በተመለከተ፣ ብዙ ዓምድ ያለው የሒሳብ መዝገብ ለሚሠራ ይጠቅማሉ፤ ለሌላው ከፖርት ሱዳን በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች በጭነት መኪና ሲመጡ የመሰበር አደጋቸው ከጥቅማቸው ይበልጣል። በሰከንድ 120 ወይም 144 ጊዜ የሚያድሱት ገጽ ሲንሸራተት ለዓይን ይለሰልሳሉ፤ በተጨማሪ ዋጋ ካልመጡ መጥፎ አይደሉም፣ በባትሪ ጊዜ ወደ 60 ማውረድ ይቻላል።

የቀረው ከማን ይገዛ የሚለው ነው። አሜሪካ በሱዳን ላይ ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የቆየ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር፤ ሱዳን ከአሸባሪነት ደጋፊ አገሮች ዝርዝር የወጣችውም በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ብዙ ዕቃ በነጋዴ እጅ በዱባይ በኩል ሲመጣ ኖሯል፣ የፋብሪካ ዋስትናም አብሮት አይከተልም። ያገለገለ ሞኒተር መግዛት ነውር የለውም፤ ለብዙ ሰው ብቸኛው መንገድ ነው፤ ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉ ጥቁር ገጽ ከፍቶ የሞተ ነጥብና ጥላ መፈለግ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አብርቶ ማቆየት፣ ያሉትን ሶኬቶች አንድ በአንድ መሞከር ይገባል። ግን ካርቱም ውስጥ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። በጦርነቱ ጊዜ ከሰው ቤት፣ ከሱቅና ከቢሮ የተዘረፈ ዕቃ በአደባባይ ሲቸበቸብ ሰው ገበያውን በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አዛዥ ስም «የዳግሎ ገበያ» ብሎት ነበር። በነዚያ ገበያዎች የተሸጠው ዕቃ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ባለቤቱ ምናልባት ነገ ወደ ሠፈሩ ተመልሶ የሚመጣ፣ እንደገና ሥራ ለመጀመር የሚታገል ሰው ነው። ሻጩን ደረሰኝ ይጠይቁት፤ ደረሰኙ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር ሞኒተሩ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ የተፋቀ ወይም የተቀደደ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ አይግዙ።